አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ባቡር፦ ድሮ በምን ይተላለፉ ነበር?

ጥያቄ፦ «አያቴ በድሮው የጅቡቲ ባቡር ሲጓዙ መንገድ ላይ አንድ ጣቢያ ቆመው ከወዲያ የሚመጣውን ባቡር ይጠብቁ እንደነበር ያወሩኛል። ሐዲዱ አንድ ከሆነ፣ ኮምፒውተርና ሬዲዮ ባልነበረበት ጊዜ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ በምን ይቆጣጠሩ ነበር? እንግሊዞች ለባቡር ነጂው ዘንግ ይሰጡት ነበር ሲባልም ሰምቻለሁ። ዘንግ ባቡር ያቆማል እንዴ?»

መልስ፦

ዘንግ ባቡር አያቆምም። ዘንጉን ያልያዘ ነጂ ግን ከጣቢያ ንቅንቅ አይልም። ሥራዬ የባቡር ምልክት ነውና ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳዎት። ጥያቄዎ በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለም።

አያትዎ ያሉት ልክ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የድሮው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነጠላ ሐዲድ ነበር። ሁለት ባቡር መተላለፍ የሚችለው ሁለተኛ ሐዲድ በተዘረጋበት ጣቢያ ብቻ ነው። አንዱ ገባ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመርም ቢሆን ድርብ የሆነው ከሰበታ እስከ አዳማ ነው። ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው። ድልድዩንም ዋሻውንም ሁለት እጥፍ መሥራት ገንዘብ ይበላል። በቀን ጥቂት ባቡር ለሚያልፍበት መስመር ያን ያህል የሚያወጣ የለም።

ዘዴው በየአገሩ ይለያያል። እኔ የምነግርዎት የእንግሊዝንና የአሜሪካን ነው፤ ሁለቱ የሄዱበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ የነበረው ሰዓት ነው። የጉዞ ሰሌዳ ይወጣል። ይሄኛው ባቡር እዚህ ጣቢያ ቆሞ ያኛውን ያሳልፍ ይላል። ሁሉም በሰዓቱ ከሄደ ምንም ችግር የለም። አንዱ ሲዘገይ ግን ጣጣ ይመጣል። የሚጠብቀው ባቡር እዚያው ተገትሮ ይውላል። አሜሪካኖች ለዚህ የበላይና የበታች የሚል ደንብ አወጡ። የመንገደኛ ባቡር ከጭነት ባቡር ይበልጣል። እኩል ደረጃ ከሆኑ ደግሞ በአንደኛው አቅጣጫ የሚሄደው ይበልጣል። የበታቹ ጥጉን ይዞ ይጠብቃል። የበላዩ የት እንደደረሰ ግን የሚነግረው የለም። ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ከጠመዝማዛው ጀርባ ብቅ ሊል ነው።

በ1851 የኢሪ ባቡር ኩባንያ የበላይ ኃላፊ ቻርልስ ማይኖት ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ተርነርስ በሚባል ጣቢያ ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከፊት የሚመጣው ባቡር የለም። ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘርግቶ ነበርና 14 ማይል ርቃ ወደምትገኘው ጎሸን መልእክት ላከ። ባቡሩ እዚያም አልደረሰም። ማይኖት «ሲመጣ እዚያው አቁሙት» ብሎ አዘዘና የራሱን ነጂ «ሂድ» አለው። ነጂው አይዛክ ሉዊስ ግን አሻፈረኝ አለ። በሽቦ ወሬ ሕይወቴን አልሰጥም ነው ነገሩ። ማይኖት ራሱ ሎኮሞቲቩ ላይ ወጥቶ መንዳት ጀመረ። ሉዊስ ሄዶ የተቀመጠው የመጨረሻው ፉርጎ የመጨረሻ ወንበር ላይ ነው።

ታሪኩ ሲወራ ሰው በሉዊስ ይስቃል። እኔ አልስቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወት ያቆየችው ያቺው ደንብ ናት።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ በቴሌግራፍ ትእዛዝ መሥራት ጀመረች። ለአንድ ረጅም መስመር አንድ ዲስፓቸር፣ ማለትም የባቡሮቹን ጉዞ ከርቀት የሚመራ ሰው፣ ይመደባል። ባቡሮቹን በዓይኑ አያያቸውም። ከፊቱ ያለው ሰዓት የተሞላበት ትልቅ ወረቀት ነው። «1 ቁጥር ባቡር እና 4 ቁጥር ባቡር እዚህ ጣቢያ ይተላለፉ» ብሎ ትእዛዙን ለሁለት ወይም ለሦስት ጣቢያ እኩል ይልካል። የየጣቢያው ኦፕሬተር በካርቦን በስስ ወረቀት ይገለብጥና ቃል በቃል መልሶ ያነብለታል። ዲስፓቸሩ እያንዳንዱን ቃልና ቁጥር ሲሰማ መዝገቡ ላይ ከሥሩ ያሰምራል። ሁሉም ልክ ከሆነ «ተጠናቀቀ» ይልና ሰዓቱን ይጽፋል። ከዚያ በፊት ወረቀቱ ለባቡሩ አይሰጥም። አንዱ ዓይነት ትእዛዝ ተፈርሞ የሚወሰድ ነው፤ ለዚያ ባቡሩ መቆም አለበት። ሌላው ዓይነት በቀለበት ላይ ታስሮ ባቡሩ እየሄደ ነው የሚቀበሉት።

በዚህ ዓይነት አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርታለች፤ ቀላል ነገር አይደለም። ወረቀት ግን ይናገራል እንጂ አያስቆምም። ሐምሌ 9 ቀን 1918 ቴነሲ ውስጥ ናሽቪል ከተማ ዳር የሆነው ይህ ነው። 4 ቁጥር ከናሽቪል የሚወጣ ባቡር ነው። መጀመሪያ ላይ ድርብ ሐዲድ አለ፤ ከዚያ ነጠላ ይሆናል። ድርቡ ከማለቁ በፊት የበላዩን 1 ቁጥርን ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ ነጂውና ኮንዳክተሩ ከጎን የሚያልፈውን ባቡር እያዩ መለየት ነበረባቸው። ኮንዳክተሩ ቲኬት እየሰበሰበ ስለነበር ጉዳዩን ለሌላ ሠራተኛ ተወለት። በመሃል በድርቡ ላይ አንድ የጣቢያ ሎኮሞቲቭ ባዶ ፉርጎዎች እየጎተተ አለፈ። ያንን 1 ቁጥር ነው ብለው ሳይወስዱት አልቀሩም። በማማው ላይ ያለው ኦፕሬተር ምልክቱን ክፍት አደረገላቸው። መዝገቡን ሲያይ ግን 1 ቁጥር ገና አልተመዘገበም። ዲስፓቸሩም «ልታቆመው ትችላለህ?» አለው። የአደጋ ፊሽካ ነፋ። ከባቡሩ የኋላ ጫፍ የሰማ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጩ፤ 101 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ወደ ባሩድ ፋብሪካ ሥራ የሚሄዱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የተሳፈሩት በእንጨት ፉርጎ ነው።

አሁን ወደ ዘንጉ እንምጣ።

እንግሊዞች ፈቃዱን የሚጨበጥ ዕቃ አደረጉት። መጀመሪያ ግን ዕቃው ሰው ነበር። «ፓይለት» የሚሉት አንድ ሠራተኛ ለአንድ ነጠላ ክፍል ይመደባል። እሱ በሎኮሞቲቩ ላይ ካልተሳፈረ ወይም ራሱ ቆሞ ካላሰናበተ ማንም ባቡር አይገባም። ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይገኝማ። ይህ ዘዴ እስካሁን አልሞተም፤ ማሽን ሲበላሽ ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ ፓይለት ይመደባል።

ከሰው ወደ ዘንግ መሄድ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። በሁለት ጣቢያ መካከል አንድ ዘንግ ብቻ ይኖራል። የእንጨት ወይም የብረት ይሆናል፤ የሁለቱ ጣቢያ ስም ይጻፍበታል። በጋራ ግቢ ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ከሌለ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው።

ታዲያ ሁለት ባቡር ተከታትሎ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ቢፈልግስ? የመጀመሪያው ዘንጉን ይዞ ከሄደ ሁለተኛው እዚያው ቀረ። ለዚህ ቲኬት ፈጠሩ። ለመጀመሪያው ነጂ ዘንጉን ያሳዩትና የጽሑፍ ቲኬት ይሰጡታል። ዘንጉን በዓይኑ ማየት ግዴታው ነው። ሁለተኛው ባቡር ዘንጉን ይዞ ይከተላል። የቲኬቱ ሳጥን የሚከፈተው ደግሞ በዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ቁልፍ ነው። ዘንጉ ሌላኛው ጣቢያ ካለ ቲኬት ማውጣት አይቻልም። ይህን ያሰበው ሰው ጭንቅላቱ ይባረክ።

ችግሩ ያልተጠበቀ ነገር ሲመጣ ነው። ባቡር ቢዘገይ፣ ተጨማሪ ባቡር ቢመጣ፣ ዘንጉ በማያስፈልግበት ጫፍ ይገኛል። ያኔ አንድ ሰው በእግሩ ወይም በፈረስ ሄዶ ያመጣዋል። ኩባንያዎች ይህን አልወደዱትም። አንዳንዶቹ ዘንግ ትተው እንደ አሜሪካ በቴሌግራፍ መሥራት መረጡ።

መስከረም 10 ቀን 1874 ምሽት በኖርዊች ከተማ አጠገብ ቶርፕ ላይ የደረሰው ለዚህ ነው። ከለንደን የመጣው ፈጣን ባቡር ዘግይቷል። ከወዲያ ብራንዳል ጣቢያ ላይ የፖስታ ባቡር ይጠብቃል። የኖርዊች የሌሊት ተቆጣጣሪ የፖስታው ባቡር ቀድሞ ይምጣ ብሎ ለቴሌግራፍ ጸሐፊው ነገረው። ጸሐፊው ወጣት ነው። ደንቡ መልእክቱን ተቆጣጣሪው ራሱ ይፈርም ይላል። ያለ ፊርማው ተላከ። ጥቂት ቆይቶ ተቆጣጣሪው ፈጣኑን ባቡርም ለቀቀው። ስህተቱ ሲታወቀው ወደ ቴሌግራፍ ክፍሉ ሮጠ። «የፖስታውን ባቡር አቁሙ» ተብሎ ተላከ። የመጣው መልስ «ሄዷል» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ጫፍ ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም። ባቡሮቹ ዝናብ በሚወርድበት ጨለማ ተላተሙ። 25 ሰው ሞተ።

ኤድዋርድ ታየር የሚባል የቴሌግራፍ መሣሪያ ሠሪ ይህን አደጋ ተከትሎ በ1878 የፈጠረው ማሽን ነው የነጠላ ሐዲድን ታሪክ የቀየረው። ከቴሌግራፍ ፍጥነቱን፣ ከዘንግ መጨበጡን ወሰደ። በሁለቱም ጣቢያ አንድ አንድ ማሽን ይቀመጣል፤ በሽቦ ይገናኛሉ። በውስጣቸው ታብሌት የሚባሉ ክብ ብረቶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የሁለቱ ጣቢያ ስም ተቀርጿል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባቡር የሚልከው ጣቢያ ደወል ይመታል። የሚቀበለው ጣቢያ መስመሩ ነጻ ከሆነ ቁልፉን ተጭኖ ይይዝለታል። ያኔ በሽቦው የመጣው ኤሌክትሪክ መቆለፊያውን ይለቅና አንድ ታብሌት፣ አንድ ብቻ፣ ይወጣል። ከዚያ ሁለቱም ማሽን ይቆለፋል። ያ ታብሌት ወደ አንደኛው ማሽን ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ከየትኛውም ጫፍ ሌላ አይወጣም። ቢለምኑትም ቢደበድቡትም አይወጣም። ዘንጉ በሌላው ጫፍ ቀረ የሚባለው ጣጣም አበቃ። የጎረቤት ክፍሉ ታብሌት ደግሞ አቆራረጡ የተለየ ስለሆነ እዚህ ማሽን ውስጥ አይገባም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዌብ እና ቶምፕሰን የተባሉ፣ ክሩ በምትባለው የእንግሊዝ የባቡር ከተማ ይሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች ይህንኑ ሐሳብ በዘንግ ሠሩት። ከማሽኑ የሚወጣ የብረት ዘንግ ነው። እርስዎ የሰሙት ምናልባት ይህንን ይሆናል።

ታብሌቱ በቆዳ ከረጢት ተከቶ በትልቅ ቀለበት ይያዛል። ባቡሩ ሳይቆም ሲያልፍ የነጂው ረዳት ክንዱን ዘርግቶ አዲሱን ይቀበላል፤ የቆየውን ይሰጣል። ቀለበቱ በዚያ ፍጥነት ክንድ ሲመታ ያማል፤ ብዙ ሠራተኛ ተጎድቷል። በስኮትላንድ የታላቁ ሰሜን ባቡር የሎኮሞቲቭ ኃላፊ የነበረው ጄምስ ማንሰን ይህን አይቶ ራሱ የሚቀባበል መሣሪያ ሠራ። የፈጠራ መብት አላወጣበትም። ሌላው ኩባንያም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈለገ። ከታየር ማሽን ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይህ ሰው ነው።

በ1889 ሰኔ አርማ ላይ፣ አየርላንድ ውስጥ፣ ሽርሽር የሚሄዱ ሰዎች የጫነ ባቡር ዳገት አልወጣ ብሎ ፉርጎዎቹ ተቆረጡ። የተቆረጡት ወደ ኋላ ተንሸራተው በሰዓት ልዩነት ብቻ፣ ማለትም ፊተኛው ከሄደ የተወሰነ ደቂቃ ተጠብቆ፣ ተከትሎ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተጋጩ። 80 ያህል ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ዓመት ፓርላማው በሰዓት ልዩነት ብቻ መሥራትን ለመንገደኛ ባቡር የሚከለክል ሕግ አወጣ። ታብሌትና ዘንግ በየነጠላ መስመሩ ተስፋፋ።

«እንግዲህ ግጭት ቀረ» ይሉ ይሆናል። ቀጥሎ በምነግርዎት አደጋ ማሽኑ አልዋሸም። ሰው ግን ማየት ተወ።

ጥር 26 ቀን 1921፣ ዌልስ፣ አበርሚውል ጣቢያ። የካምብሪያን ባቡር መስመር ነው። ሁለት ባቡር እዚህ ይተላለፋል። ከምሥራቅ፣ ከሞንትጎመሪ በኩል፣ በየጣቢያው የሚቆመው ይመጣል። ከምዕራብ፣ ከኒውታውን በኩል፣ ፈጣኑ ይመጣል። ሁለቱም በታየር ታብሌት ነው የሚሄዱት። የታብሌት ማሽኖቹ ምልክት በሚሰጥበት ቤት መሆን ሲገባቸው በጣቢያው ቢሮ ውስጥ ነበሩ። በደንቡ መሠረት የሚነኳቸው የጣቢያው ሹምና የምልክት ሠራተኛው ብቻ ናቸው። በተግባር ግን ዕቃ ተሸካሚው ልጅም፣ ለማጅ ጸሐፊውም፣ ያገኘ ሁሉ ይነካቸው ነበር። የዕቃ ተሸካሚው ዕድሜ 17፣ የጸሐፊው 15 ነው።

ያን ቀን የነበረው የጣቢያ ሹም ተተኪ ነው። እሱ በሌለበት ፈጣኑ ባቡር ከኒውታውን እንዲመጣ ተፈቀደለት። ታብሌቱ ከኒውታውን ማሽን ወጥቷል። ለሹሙ ግን የነገረው የለም።

በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ደረሰ። ለማጁ ከነጂው የሞንትጎመሪ–አበርሚውልን ታብሌት ተቀበለ። ሄዶ ማሽኑ ውስጥ ሊከተው ነበር። መንገድ ላይ ሹሙን አገኘውና ቲኬት ልሰብስብ ብሎ ታብሌቱን አስረከበው። ሹሙ ለሚቀጥለው ክፍል፣ ለኒውታውን፣ የወጣ ታብሌት መሰለው። አላየውም። ሄዶ ለነጂው ሰጠው። ነጂውም ከረጢቱን ከፍቶ ስሙን አላነበበም። ይኸው ራሱ ያመጣው ታብሌት ነው ተመልሶ የተሰጠው! ባቡሩ ወጣ። ብዙ ሳይርቅ ከፈጣኑ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። 17 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ የዚያው የካምብሪያን ኩባንያ ዳይሬክተር ሎርድ ኸርበርት ቫን-ቴምፐስት ናቸው።

አስቡት፤ ታብሌቱን በእጃቸው የያዙት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ላዩ ላይ የተቀረጸውን ሁለት ስም ቢያነቡ ኖሮ ምንም አይደርስም ነበር። የምርመራው ውጤት ግን ሰዎቹን በመውቀስ አልቆመም። ማሽኖቹ ወደ ምልክት ቤት ይግቡ፤ የመውጫውም ምልክት ከታብሌቱ ማሽን ጋር ይቆላለፍ ተባለ። ትክክለኛው ታብሌት ካልወጣ ምልክቱ አይከፈትም ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ባጭሩ ልለፈው፤ ጥያቄዎ የድሮውን ነውና። አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን በ1872 በሐዲዱ ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ በመላክ ባቡር መኖር አለመኖሩን የሚለይ ዘዴ ሠርቶ ነበር። መንኮራኩሩ ሁለቱን ሐዲድ ሲያገናኝ ኤሌክትሪኩ ያቋርጥና ምልክቱ ይዘጋል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ1927 ኦሃዮ ውስጥ 40 ማይል የሚሆን መስመር ከአንድ ጠረጴዛ ላይ መቆጣጠር ተጀመረ። ዲስፓቸሩ ወረቀት መላኩን ትቶ ምልክቱንና የሐዲድ መለወጫውን ከርቀት ራሱ አዘዘ። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ነጠላ ሐዲድ የሚሠራው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው።

ይህም ሆኖ በ2016 ብቻ ሁለት ትልልቅ ግጭቶች በአውሮፓ ነጠላ ሐዲድ ላይ ደርሰዋል። የካቲት 9 ቀን በጀርመን ባድ አይብሊንግ 12 ሰው ሞተ። ምልክቱ እንደሚገባው ዘግቶ ነበር። ስልኩ ላይ ጌም ሲጫወት የነበረው ዲስፓቸር ምልክቱን በሚያልፍ ልዩ ፈቃድ ባቡሩን ለቀቀው። ሐምሌ 12 ቀን ደግሞ በደቡብ ጣሊያን በአንድሪያና በኮራቶ መካከል 23 ሰው ሞተ። እዚያ በጣቢያዎቹ መካከል የነበረው የስልክ ንግግር ብቻ ነው። ከቶርፕ 142 ዓመት በኋላ!

ስለዚህ አንድ ሰው «ዘንግ ኋላ ቀር ነው» ሲለኝ አልስማማም። ያ የጣሊያን መስመር የታየር ማሽን ቢኖረው ኖሮ ሁለተኛው ባቡር የሚይዘው ታብሌት አይወጣለትም ነበር። በስኮትላንድ ከ1984 ጀምሮ ወደ ካይል ኦፍ ሎካልሽ በሚሄደው መስመር ዘንጉን በሬዲዮ አደረጉት። ነጂው ከማዕከል ሲፈቀድለት የክፍሉ ስም በካቢኑ ስክሪን ላይ ይወጣለታል። የሚጨበጥ ነገር የለም፤ ሕጉ ግን ያው ነው፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ ባቡር።

በዓይኔ ልየው ካሉ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እንግሊዝ አገር ዘመድ ካለዎት ከኪደርሚንስተር ብሪጅኖርዝ በሚሄደው የሴቨርን ቫሊ የእንፋሎት ባቡር ይሂዱ። ነጠላ ሐዲድ ነው። ጣቢያ ሲደርሱ ወደ ሎኮሞቲቩ ጠጋ ይበሉ፤ የምልክት ሠራተኛው ለነጂው የሚያቀብለውን ያያሉ። ስሪላንካ ውስጥም የታየር ታብሌት በመደበኛ የመንገደኛ መስመር ላይ አሁንም ይሠራል። እዚያ ቀለበቱን ይዞ መድረኩ ጫፍ ላይ የሚጠብቀውን ሠራተኛ ለማየት ከፊት ባሉት ፉርጎዎች መስኮት አጠገብ ይቀመጡ።